ከ17 ዓመት በኋላ፦ የድሮውን ሲዲ ላውጣ ወይስ አዲሱን ልማር?

የደረሰን ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። 45 ዓመቴ ነው። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቪዥዋል ቤዚክ 6 (ቪቢ 6) የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተማርኩ። በ1997 አዳማ ላለው የአጎቴ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የዕቃና የዱቤ መመዝገቢያ ሠራሁላቸው። በ2001 ባንክ ቤት ተቀጠርኩና ኮድ መጻፍ ተውኩ። ፕሮግራሙ ግን እስካለፈው ወር ሲሠራ ነበር። ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ፤ ሃርድ ዲስኩ ተርፏል፤ ያኔ የጻፍኩት ኮድ ያለበት ሲዲም እኔ ጋ አለ። አጎቴ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት አዲስ ኮምፒውተር ገዙና «ያንኑ መልሺልኝ፣ ሌላ አልፈልግም» አሉኝ። የዱቤ ዝርዝሩን ለደንበኛ በቴሌግራም መላክም ይፈልጋሉ። ስልክ ላይ ሲደርስ ግን አማርኛው አይነበብም። አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ «ቪቢ 6? እሱማ ሙዚየም ይግባ። ሁሉንም እንደ አዲስ ጻፊው» አለኝ። አዲሱን የማይክሮሶፍት ኮድ መጻፊያ፣ ቪዥዋል ስቱዲዮን፣ ከፍቼ አየሁት፤ የማውቀው ነገር የለም። አፈርኩ። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ማፈሩ። 17 ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው የሠራ ፕሮግራም ጽፈሻል። አጎትሽ «ያንኑ መልሺልኝ» ያሉት ለይሉኝታ አይደለም። እጃቸው ለምዶታል፣ ዱቤያቸውን አልበላባቸውም። እኔ ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ባለቤቱ እንዲህ ያለለት ፕሮግራም ያየሁት ጥቂት ነው።

የከበደሽ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ስለተቋጠረብሽ ይመስለኛል። አንደኛው፣ የአጎትሽ ሱቅ ሰኞ ጠዋት በምን ይሥራ? ሁለተኛው፣ አንቺ ወደ ሙያው ብትመለሺ በምን ትመለሺ? ለሱቁ፣ ለጊዜው የድሮውን። ለአንቺ አዲሱን። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የአማርኛው ፊደል ነው፤ እሱ ጋ ስደርስ ትንሽ እቆያለሁ።

ልጁ ሙዚየም ያለው ሁለት ነገር ተምታቶበት ነው። ቪቢ 6 ሲባል ኮድ የምንጽፍበት መሥሪያ አለ። የተጻፈው ፕሮግራም የሚሮጥበት ፋይል ደግሞ አለ፤ ራንታይም የምንለው። መሥሪያው እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ። ማይክሮሶፍት መሥሪያውን መደገፍ ያቆመው ኤፕሪል 8 ቀን 2008 ነው። ራንታይሙ ግን ዛሬም ከዊንዶውስ 11 ጋር አብሮ ይመጣል። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው፣ የአንቺ ፕሮግራም ባለ 32 ቢት ነው። ይሁን እንጂ ባለ 32 ቢቶቹን የሚያስተናግድበት የራሱ መንገድ አለው። ስለዚህ የአጎትሽ ፕሮግራም አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ይነሳል።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቂ። ራንታይሙ ይመጣል እንጂ የኦሲኤክስ ፋይሎቹ፣ ማለትም ሰንጠረዥና የመሳሰሉትን መስኮቱ ላይ የሚያሳዩት፣ አይመጡም። የዕቃውን ዝርዝር በሰንጠረዥ የምታሳዪበት ግሪድ ካለሽ፣ ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት «ይህ ኮምፖነንት አልተመዘገበም» ብሎ ይቆማል። አትደንግጪ። ፋይሉን ከድሮው ሃርድ ዲስክ ሲስተም 32 ፎልደር አንሺው። አዲሱ ላይ ሲስዋው 64 የሚለው ፎልደር ውስጥ ጨምሪውና እንደ አድሚኒስትሬተር ሆነሽ አስመዝግቢው። የፎልደሩ ስም ያሳስታል፤ 32 ቢቱ የሚገባው 64 የሚል ስም ያለው ውስጥ ነው። ስንቱ ሰው በዚህ ግማሽ ቀን አቃጥሏል።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ድምፅ የለውም። ፕሮግራሙን «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ አታስገቢው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ሁላችንም የዳታ ፋይሉን ከፕሮግራሙ ጎን እናስቀምጥ ነበር። ከሱ ቀጥሎ ከመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን እንዲህ ያለ የድሮ ፕሮግራም እዚያ ለመጻፍ ሲሞክር፣ ዊንዶውስ አይከለክለውም። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የየራሱን ቅጂ በስውር ይከፍትለታል። አጎትሽ በስማቸው ሲገቡ አንድ ዱቤ ያያሉ። ሻጩ ልጅ በስሙ ሲገባ ሌላ ዱቤ ያያል። ሁለቱም ትክክል ነኝ ይላሉ። ሲ ድራይቭ ላይ ለብቻው ፎልደር ክፈቺለት። ስሙንም በላቲን ፊደል ጻፊው፤ የግዕዝ ስም ያለው ፎልደር ውስጥ ከገባ ቪቢ 6 የገዛ ዳታውን ማግኘት ያቅተዋል።

ይህን ስታደርጊ ሱቁ ይከፈታል። ኮድ መንካት እንኳ አላስፈለገሽም።

አሁን ወደ ሲዲው። ከመክፈትሽ በፊት ቅጂ አውጪ፣ የድሮ ሲዲ አይታመንም። ከዚያ የሶርስ ኮዱን (በእጅሽ የጻፍሽውን) የመጨረሻ ቀን ሱቅ ውስጥ ሲሠራ ከነበረው ኤክሲ ፋይል (ተጠናቆ ከሚሮጠው ፕሮግራም) ቀን ጋር አስተያዪ። ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ ከዓመታት በኋላ ተጠርቼ፣ የያዝኩትን ሶርስ ኮድ ትንሽ አስተካክዬ እንደገና ኮምፓይል አደረግኩ፣ ማለትም ወደ ኤክሲ ቀየርኩት። በማግስቱ የተመላሽ ዕቃ ሂሳብ ጠፋ። ለካ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እዚያው እነሱ ኮምፒውተር ላይ ያስተካከልኩት ነገር ነበር፤ እኔ ጋ ያለው ሶርስ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ኤክሲ ፋይሉ ከሶርሱ በወራት የሚበልጥ ከሆነ፣ ያለሽ ኮድ ረቂቅ ነው ብለሽ ያዢው። የሚሠራውን ኤክሲ በምንም ምክንያት አትደርቢበት።

መሥሪያውን ራሱን መጫን ካስፈለገሽ ዊንዶውስ 11 ላይ አትታገዪ። በራስሽ ላፕቶፕ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ክፈቺ፣ ውስጡ የድሮ ዊንዶውስ ጫኚ፣ ቪቢ 6ን ከማሻሻያው ከሰርቪስ ፓክ 6 ጋር እዚያ አስገቢ። እንደ ታሸገ ክፍል ነው፤ ሲያስፈልግ ትገቢያለሽ፣ ጨርሰሽ ትወጫለሽ።

በርግጥም አንድ ጊዜ ሳያስፈልግሽ አይቀርም። የሽያጭ ተራ ቁጥሩን ኢንቲጀር በሚባለው የቁጥር ዓይነት ከሆነ ያስቀመጥሽው፣ የቪቢ 6 ኢንቲጀር ጣሪያው 32,767 ነው። ቀጣዩን ሽያጭ ሲመዘግቡ «ራንታይም ኤረር 6፣ ኦቨርፍሎው» ብሎ ይዘጋል። ዋጋም እንደዚያው። በ1997 ሱቃችን ውስጥ 33 ሺህ ብር የሚያወጣ አንድ ዕቃ ይኖራል ብሎ ማን አሰበ? ዛሬ አለ። ተራ ቁጥሩን ሎንግ በሚባለው ሰፊ ዓይነት፣ ገንዘቡን ከረንሲ በሚባለው አድርጊው፤ ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ዓምድም እንደዚያው። ከዚህ ውጪ በቪቢ 6 አዲስ ነገር አትጨምሪበት።

እንግዲህ ወደ ፊደሉ። አዲስ መሣሪያ የሚያስገድድሽ ነገር ይኸ ብቻ ነው።

በ1997 አማርኛውን የጻፍሽው በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ወይም ከእነሱ በአንዱ ዘመድ ይሆናል። ያኔ ሁላችንም እንደዚያ ነበርን። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) 3.0 ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አይመጣም ነበር። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር መምጣት የጀመረው በቪስታ ነው። እና እነዚያ የድሮ ፎንቶች ያደረጉት ምንድን ነው? ኮምፒውተሩ ላቲን ነው ብሎ የሚያስቀምጠውን ምልክት በዓይን አማርኛ አስመሰሉት። ዳታቤዝሽ ውስጥ «ሚስማር» የሚል ቃል የለም። ያለው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ነው፤ አማርኛ የሚሆነው ፎንቱ ሲለብስ ብቻ ነው። የደንበኛው ስልክ ያ ፎንት የለውም። ለዚህ ነው ቴሌግራም ላይ የማይነበበው።

ሌላም መዘዝ አለው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው። ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ሲጨመርበት 256 ቦታ ብቻ ባለው የድሮ ፎንት ውስጥ ይጨናነቃል። አንዳንዶቹ ፎንቶች አንዱን ፊደል በሁለት ቁራጭ እየገጣጠሙ ይጽፉት ነበር። ስለዚህ አራት ፊደል ያለው ቃል ዳታቤዙ ውስጥ ስድስት ሊሆን ይችላል። ስሙን ለማሳጠር 20 ፊደል ቆርጠሽ ከሆነ፣ መጨረሻው ላይ የተሰበረ ፊደል ያየሽው በዚህ ምክንያት ነው። ዝርዝሩም በሀ ሁ ሂ አይደረደርም።

ቪቢ 6 ይህን አያድንልሽም። ውስጡ ዩኒኮድ ነው፤ የጽሑፍ ሣጥኖቹ ግን አይደሉም። በስልክ የተጻፈ አማርኛ ገልብጠሽ የጽሑፍ ሣጥኑ ውስጥ ብትለጥፊው የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ይመጣል። ፈልገሽ የምታገኚው ማስተካከያ የለም፤ የተሠራው እንደዚያ ነው።

ታዲያ ዳታውን እንዴት ታወጪዋለሽ? ስንት ዕቃ እንዳለ ቁጠሪ። አንድ ሺህ ወይም ሁለት ሺህ የዕቃ ስም ከሆነ፣ የኔ ምክር ቁጭ ብላችሁ በእጅ ጻፉት የሚል ነው። በቀን 200 ስም ብትጽፉ ሁለት ሺሁ በ10 ቀን ያልቃል። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማም፤ መቀየሪያ ፕሮግራም ጻፊ ይልሻል። እኔ ግን ስጽፍ ያገኘሁትን ልንገርሽ፦ አንዱ ሱቅ ውስጥ «ሚስማር»፣ «ምስማር» እና «ሚሥማር» ሦስት የተለያየ ዕቃ ሆነው ተመዝግበው ነበር። እያንዳንዱ የራሱ ቀሪ አለው። መቀየሪያው ሦስቱንም በታማኝነት ይቀይራል። ሰው ግን አንድ መሆናቸውን ያውቃል። ሰና ሠ፣ ሀና ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ፤ አዲሱን ስትሠሪ ፍለጋው እነዚህን እንደ አንድ እንዲያይ ከመጀመሪያው አስቢበት። የሚታየው ሰው እንደጻፈው ይሁን፣ ለመፈለጊያ ግን አንድ ወጥ የሆነ ቅጂ ይቀመጥ።

የዱቤው ታሪክ ግን ብዙ ሺህ መስመር ስለሚሆን በመቀየሪያ ነው። የፎንቱን ምልክትና የዩኒኮዱን ፊደል ጎን ለጎን የሚያዛምድ ሰንጠረዥ ሥሪ። በሁለት ቁራጭ የሚጻፉትን አስቀድመሽ ቀይሪ፣ ነጠላዎቹን በኋላ። ካልሆነ ግማሹ ይበላል። እንግሊዝኛና አማርኛ በአንድ ዓምድ ከተደባለቁ መቀየሪያው አይለያቸውም፤ ለእሱ ሁሉም ላቲን ነው። እነዚያን ለብቻ አውጥተሽ በዓይንሽ እያቸው።

የቀኑ ጉዳይም አለ። እዚህ ላይ ቁስል ስላለብኝ በዝርዝር ልንገርሽ።

በ1999 ኅዳር ላይ ለአንድ የጅምላ መደብር ፕሮግራም አስጀመርን። ቀኑን ሻጮቹ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። እኔ ወደ ቪቢ የቀን ዓይነት እቀይረዋለሁ። ሁሉ ሰላም ነበር። ጳጉሜ መጣች፤ የሚሊኒየም ዋዜማ ስለነበር ሽያጩ የጦፈ ነበር። መስከረም ላይ ሂሳብ ስንዘጋ የጳጉሜ ሽያጭ የለም። አንድም መስመር። በደረቅ ወረቀቱ አለ፣ ማሽኑ ውስጥ የለም። ሻጮቹ ተጠረጠሩ። አንዲት ልጅ አለቀሰች። ሌሊቱን ሙሉ ስፈልግ አንድ የማይሆን ነገር አየሁ፦ መስከረም 13 ቀን 1999 የተሸጠ ሲሚንቶ። ፕሮግራሙ እኮ ኅዳር ነው የተጀመረው! ጥቅምት 13ም አለ። ያኔ ገባኝ። ለቪቢ 13ኛ ወር የሚባል የለም። «1/13/1999» ሲሰጠው ስህተት ነው አላለም፤ ቀኑንና ወሩን አገላብጦ የመጀመሪያው ወር 13ኛ ቀን አደረገው። ጳጉሜ 1 መስከረም 13 ሆነች፣ ጳጉሜ 2 ጥቅምት 13፣ እንዲያ እያለ ጳጉሜ 6 የካቲት 13 ላይ አረፈች። ጥቅምት 30 ላይ ብንሆን ኖሮ ቢያንስ ይጮህ ነበር፤ ጥቅምት የሚሆነው 2ኛው ወር ለእሱ ፌብሩዋሪ ነው፣ 30 ቀን የለውም፣ ይቆማል። ጳጉሜን ግን ዝም ብሎ ነው የበተናት። ያቺን ልጅ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት።

ስለዚህ ያንቺንም እይው። ቀኑን በጽሑፍ አስቀምጠሽው ከሆነ ዳታሽ ጤነኛ ነው። በቀን ዓይነት ካስቀመጥሽው፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉትን 13ኛ ቀኖች አንድ በአንድ ፈትሺ። አዲሱ ውስጥ ስታስገቢ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጪ፣ ለሰው ስታሳዪ ብቻ ወደ እኛ ቀይሪው።

አሁን ስለ አንቺ። አዲሱን ቪዥዋል ስቱዲዮ ከፍተሽ የማውቀው የለም ብለሻል። የፕሮጀክት ዓይነቱን ስትመርጪ ዊንዶውስ ፎርምስ የሚለውን ምረጪ። ባዶ ፎርም ይመጣል። ከመሣሪያ ሣጥኑ በተን ጎትተሽ አስቀምጪ። ሁለቴ ጠቅ አድርጊው። በተኑ ሲነካ የሚሠራው ኮድ የሚጻፍበት ቦታ ይከፈትልሻል፣ ልክ እንደ 1995። እዚያ ጋ ስትደርሺ እጅሽ ራሱ ያስታውሳል። ነፃውን የኮሚዩኒቲ ቅጂ ተጠቀሚ፤ ለአንቺ ዓይነት ሥራ ይበቃል። ጊጋባይቶች ስለሚበላ ጥሩ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ሆነሽ አውርጂው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ቪዥዋል ቤዚክ ዶት ኔት አለ፤ ስሙ የቀድሞውን ቢመስልም ሌላ ቋንቋ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ከእንግዲህ ቋንቋው ላይ አዲስ ነገር አልጨምርም ብሏል። ይሠራል፣ አልሞተም። እኔ ግን ሲ ሻርፕ ተማሪ እላለሁ። ሴሚኮለኑና ትልቅና ትንሽ ፊደል መለየቱ መጀመሪያ ያናድድሻል። ነገር ግን ስትቸገሪ የምትጠይቂው ሰው፣ ያ ሙዚየም ያለሽ ልጅ ጭምር፣ የሚያውቀው እሱን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የድሮውን ኮድ በራሱ ወደ አዲሱ የሚቀይር መሣሪያ ከቪዥዋል ስቱዲዮ ጋር ይመጣ ነበር፤ ከ2010 ቅጂ ጀምሮ ወጥቷል። አልቆጭበትም። የሚያወጣው ኮድ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ የበዛበት፣ የማንም ያልሆነ ኮድ ነበር።

ልጁ እንደሚለው ሁሉንም በአዲስ አትጀምሪ። በአንድ ነገር ጀምሪ፦ የዱቤ ዝርዝሩን ከድሮው ዳታቤዝ አንብቦ፣ ፊደሉን ቀይሮ፣ ቴሌግራም ላይ የሚላክ ፋይል የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም። ያነባል እንጂ አይጽፍም። ቢሳሳት የአጎትሽ መዝገብ አይነካም። እሳቸውም በድሮው መመዝገባቸውን ይቀጥላሉ፣ አንቺም ትማሪያለሽ፣ ደንበኛውም ዱቤውን በአማርኛ ያነባል። ስትሠሪው የፕሮጀክቱን ቅንብር ኤክስ 86 (32 ቢት ማለት ነው) አድርጊው። የድሮውን ዳታቤዝ፣ የኤምዲቢውን ፋይል፣ የሚያነበው ጄት የሚባለው ክፍል 32 ቢት ብቻ ነው፤ አለበለዚያ «ፕሮቫይደሩ አልተመዘገበም» እያለ ቀንሽን ይበላዋል።

አዲሱ ፕሮግራም የሚሮጥበት ዶት ኔት 10 ይሁን ወይስ የቆየው ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8 ብትይኝ፣ ለሱቁ 4.8 ነው። ከዊንዶውስ 11 ጋር አብሮ ይመጣል፤ ዊንዶውሱ እስካለ ይኖራል። ዶት ኔት 10 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ወጥቶ ድጋፉ 3 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ መሻገር ይጠበቅብሻል። አዳማ ለሚቀመጥ አንድ ኮምፒውተር በየ3 ዓመቱ መመላለስ አይገባም። ሥራ ለመፈለግ ካሰብሽ ግን ቤትሽ ማታ ማታ በዶት ኔት 10 ተለማመጂ።

ኮዱንም በሲዲ አታስቀምጪ። የኮድ ለውጥን መዝግቦ የሚይዘውን ጊትን ተማሪ፤ ሦስት ትእዛዝ ብታውቂ ይበቃሻል። ያኔ እኔን እንዳጋጠመኝ ሱቁ ያለውና እጅሽ ላይ ያለው ኮድ አይለያዩም።

ቅዳሜ አዳማ ስትሄጂ ሃርድ ዲስኩን ከመንካትሽ በፊት ሁለት ቅጂ አውጪ፣ አንዱን አጎትሽ ጋ አስቀምጪ። ከዚያ ዳታቤዙን ክፈቺና የሽያጩ ቀን ዓምድ ጽሑፍ ይሁን ቀን እይና ጻፊልኝ። ቀን ከሆነ ጳጉሜዎቹን የሚለቅም ትንሽ ኮድ አለኝ፣ እልክልሻለሁ።